መኪና ልግዛ ወይስ በሊዝ ልያዝ? ኤሌክትሪክ መኪና ከመጣ ወዲህ ሒሳቡ ለምን ተገለበጠ

ጎጃም ውስጥ መኪና ገዝቶ ከሰረ የሚባል ሰው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ብዙም አይሰማም ነበር። ቪትዝም ይሁን ዲኤክስ፣ ሃይሉክስም ይሁን ዶልፊን (ዶልፊን ስል ሚኒባሱን ነው፣ ቢዋይዲ የሚባለው የቻይና መኪና አምራች የሚሰራው ዶልፊን ሌላ ነው) አምስት አመት ነድተኸው፣ ሁለት ሶስቴ ላሜሪስታ ጋ አስገብተኸው፣ ቸርኬው ተጣሞ፣ ክሩስኮቱ ተሰንጥቆ፣ ከገዛህበት በላይ ትሸጠዋለህ። ብሩ እየወረደ፣ አዲስ መኪና ማስገባት ደግሞ እየከበደ ስለሄደ ነው እንጂ መኪናው ምንም አልጨመረም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፣ ጥር 2016 ላይ መንግስት በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና ከእንግዲህ አይገባም አለ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደሞ የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ተባለና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብርን ዘለለ። በር ላይ የቆመችው አሮጌ ቪትዝ ምንም ሳትሰራ ዋጋ ጨመረች ማለት ነው።

እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ "አትግዛ በሊዝ ያዝ"፣ ማለትም በየወሩ እየከፈልክ የሌላ ሰው መኪና ተጠቀም ብትለው ሰው ቢስቅብህ አይፈረድበትም። አሁን ግን ባህር ዳርም ደብረ ማርቆስም ድምፅ የሌላቸው መኪኖች እየበዙ ነው፣ የነሱ ነገር ደሞ ከቪትዟ ጋር አንድ አይደለም፣ ስለዚህ የሊዝን ጉዳይ ከስሩ ማየት ያስፈልጋል።

ባጃጅ በገቢ እንዴት እንደሚሰራ የሚያውቅ ሰው ሊዝን ግማሹን ያውቃል። ባለቤቱ ባጃጇን ይሰጣል፣ ሹፌሩ በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፣ ከዛ የተረፈው የሱ ነው፣ ነዳጅ በሹፌሩ ሆኖ ሞተር ከወረደ ግን ወጪው ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ነው። ሹፌሩ አንድ ቀን በቃኝ ካለ ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል፣ ባጃጇ ያን ቀን ስንት ታወጣለች የሚለው አያገባውም። ይሄ ኦፕሬቲንግ ሊዝ የሚባለው ነው። ሌላኛው ውል ሹፌሩ ከፍ ያለ ገቢ ይዞ የተስማሙበት ጊዜ ሲሞላ ባጃጇ በስሙ የምትዞርበት ነው፣ እሱ ሃየር ፐርቸዝ ይባላል። ሶስተኛው ፋይናንስ ሊዝ ነው፣ አከራዩ አንተ የመረጥከውን እቃ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ያስረክብሃል፣ ንብረትነቱ በሱ ስም ይቆያል፣ ጥገናውም ኢንሹራንሱም ብልሽቱም ግን ባንተ ነው፣ ከፍለህ ስትጨርስ እቃውን ትወስደዋለህ። አገራችን ውስጥ ሶስቱም በ1990 በወጣው የካፒታል እቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103 ውስጥ አሉ፣ አዋጁ 2005 ላይ በቁጥር 807 ተሻሽሏል፣ ማለቴ ነገሩ አዲስ አይደለም፣ መኪና ላይ ሲሰራበት ስላላየን ነው አዲስ የሚመስለን።

ሶስቱን የሚለያቸው ብዙ ነገር ያለ ይመስላል ግን ዋናው አንድ ነው፣ መጨረሻ ላይ መኪናው ከታሰበው በታች ቢያወጣ ማነው የሚከስረው? በኦፕሬቲንግ ሊዝ አከራዩ፣ በሁለቱ አንተ። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

ቁጥር እናስገባበት (ቁጥሩን ለማስረዳት እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት፣ የማንም ድርጅት ዋጋ አይደለም)። መኪናው 3 ሚሊዮን ብር ይሁን፣ ወለድ በአመት 15 በመቶ፣ ጊዜው 3 አመት፣ ከሶስት አመት በኋላ መኪናው 1.8 ሚሊዮን ያወጣል ተብሎ ይገመት። ሊዝ ላይ (ከዚህ በኋላ እንዲሁ ሊዝ ስል ኦፕሬቲንግ ሊዙን ነው) የመኪናውን ሙሉ ዋጋ አትከፍልም፣ በእጅህ እያለ የሚጎድለውን ነው የምትከፍለው፣ 1.2 ሚሊዮን ለ36 ወር ሲካፈል 33,333 ብር ይመጣል። በዛ ላይ የአከራዩ ገንዘብ መኪናው ላይ ታስሮ ስለሚቆይ ወለዱን ያስከፍልሃል፣ በአማካይ የታሰረው 2.4 ሚሊዮን ነው፣ 15 በመቶው በአመት 360,000፣ በወር 30,000። ተደምሮ በወር 63 ሺ ከምናምን። ያንኑ መኪና ሙሉ በሙሉ በብድር ገዝተህ በሶስት አመት ልጨርስ ብትል ወርሃዊው 104 ሺ ገደማ ነው።

ይሄን ለአጎቴ ሳስረዳው ዳንግላ ላይ እህል የሚነግድ ሰው ነውና ወዲያው "እና ሶስት አመት ሙሉ ከፍዬ ባዶ እጄን ልወጣ ነው?" አለኝ። "ጋሼ፣ በየወሩ የተረፈዎትን 41 ሺ የት አደረጉት?" ስለው ዝም አለ፣ ከዛ "እሱማ እህል ላይ ይውላል" አለ። ልክ ነው። ሊዝ የያዘው ሰው ልዩነቱን በየወሩ 15 በመቶ በሚያተርፍ ነገር ላይ ቢያውለው ከሶስት አመት በኋላ በእጁ ከ1.8 ሚሊዮን ብር ፈቀቅ ያለ ገንዘብ ይኖረዋል፣ የገዛው ሰውዬ ደግሞ 1.8 ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና ይኖረዋል፣ የአከራዩን ትርፍ ካልቆጠርን እኩል ናቸው ማለት ነው። እርግጥ ልዩነቱን ጠጅ ቤት ያዋለው ሰው እኩል አይደለም፣ እሱ በሊዝም በብድርም ያው ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ስንመጣ፣ ልዩነት የሚፈጠረው ያ የ1.8 ሚሊዮን ግምት ሲስት ነው። መኪናው እንደ ድሮው ቪትዝ ሆኖ 3.5 ሚሊዮን ቢያወጣ የገዛው ሰው ከግምቱ በላይ 1.7 ሚሊዮን አገኘ፣ ሊዝ የያዘው እያየ ቀረ። 1 ሚሊዮን ብቻ ቢያወጣ ግን የገዛው 800 ሺ ጎደለበት፣ ሊዝ የያዘው ቁልፉን አስረክቦ ቤቱ ገባ፣ ኪሳራው የአከራዩ ሆነ። ለዚህ ነው ዋጋው ለማይወርድ መኪና ሊዝ ትርጉም የሌለው፣ ዋጋው ስንት ላይ እንደሚያርፍ ለማይታወቅ መኪና ደግሞ ሊታሰብበት የሚገባው። አብዛኛው የሊዝ ክርክር እዚህ ነጥብ ላይ ያልቃል፣ ሰው ግን ስለ ወርሃዊ ክፍያው ብቻ ሲጨቃጨቅ ይውላል።

አሁን ኤሌክትሪክ መኪና የትኛው ጎራ ነው? ከቀረጥ እንጀምር። 2014 ላይ መንግስት ኤሌክትሪክ መኪናን ከቫት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ፣ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ ጉምሩክ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጠመው ዜሮ ሆነ። የድሮ መኪና ዋጋ የቆመው በቀረጥ ግድግዳ ላይ ነበር፣ ኤሌክትሪኩ ሲገባ ያ ግድግዳ አልነበረበትም፣ ስለዚህ ቻይና ላይ ዋጋ ሲወርድ ውሎ አድሮ እኛም ጋ ይሰማል። እና ቻይና ላይ እየወረደ ነው። የቢዋይዲ ትንሿ መኪና ሲገል በ2023 እኤአ ስትወጣ መነሻዋ 73,800 ዩዋን ነበር፣ በ2025 ግንቦት ላይ ካምፓኒው ቅናሽ ሲያደርግ 55,800 ዩዋን ገባች። አዲሷ መኪና እንዲህ ስትወርድ አንተ የገዛሃት የሁለት አመቷ ስንት ልታወጣ ነው? እርግጥ የብሩ መውረድ ዋጋውን ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ የቻይና ፉክክር ወደ ታች ይጎትተዋል፣ የትኛው እንደሚያሸንፍ ደላላ ምንም ቢምል እርግጠኛ ሆኖ የሚነግርህ የለም። አለማወቁ ራሱ ነው ዋጋ ያለው፣ ሊዝ ማለት ያን አለማወቅ ከፍለህ ለሌላ ሰው ማሸከም ነው።

ትላልቆቹም አልቻሉትም። ኸርትዝ የሚባለው የአሜሪካ አከራይ ድርጅት ብዙ ሺ ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ቴስላ ደጋግሞ ዋጋ ሲቀንስ የነሱም ዋጋ አብሮ ወረደና ጥር 2024 እኤአ ላይ 20,000 የሚሆነውን፣ ካለው ኤሌክትሪክ መኪና ሲሶውን ማለት ነው፣ እሸጣለሁ ብሎ አስታወቀ። ያን መኪና ከኸርትዝ የተከራየ ሰው ግን ምንም አልሆነም።

እኛ አገር ሊዝ ከየት ይገኛል ካላችሁ፣ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በሊዝ ፋይናንስ ይሰራል (ይሄ ግን ከፍለህ ስትጨርስ እቃው ያንተ የሚሆንበት ዓይነት ነው)፣ አሰራሩ 20 በመቶውን አንተ 80 በመቶውን ባንኩ ነው፣ ክልሉ ላይ ደሞ ባህር ዳር ያለው ዋልያ የካፒታል እቃዎች ፋይናንስ አለ። ሁለቱም ግን ዋና ስራቸው ማሽነሪ ነው፣ ወፍጮ፣ ትራክተር፣ የእንጨት ስራ፣ የመሳሰለው፣ የቤት መኪና ፈልገህ ብትሄድ አይመለከተንም ብትባል አይግረምህ። መኪና የምትፈልገው ለስራ ከሆነ፣ ንግድ ፈቃድ ካለህና ከመኪናው የሚገኘውን ገቢ በወረቀት ማሳየት ከቻልክ ነገሩ ይለያል፣ ገብቶ መጠየቅ አይከፋም። በተረፈ ያለው የባንክ ብድር፣ እቁብ፣ ወይ ቢሮዎችና ፕሮጀክቶች እንደሚያደርጉት የወር ኪራይ ነው። የወር ኪራይ በስሙ ሊዝ ባይባልም በግብሩ ኦፕሬቲንግ ሊዝ ነው፣ ያውም አጭር፣ እና መኪናውን ስድስት ወር ሞክሬ ልወቀው ለሚል ሰው እኔ ከሁሉም እሱን እመርጥለታለሁ።

መኪናውን ማወቅ ስል ምን ማለቴ ነው? ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና ጎጃም መንገድ ላይ ያለው ቁጥር አይገናኙም። ዩዋን ፕላስ የሚባለው የቢዋይዲ መኪና 60.48 ኪሎዋት አወር (ባትሪው የሚይዘው ጉልበት የሚለካበት ነው) ባትሪ ያለው በቻይና መለኪያ በአንድ ቻርጅ 510 ኪሎሜትር ይሄዳል ይላል፣ ያው መኪና ያው ባትሪ አውሮፓ ላይ አቶ 3 ተብሎ ሲሸጥ 420 ይላል። መኪናው አልተቀየረም፣ የሚለኩበት መንገድ ነው የተቀየረው፣ የቻይናው ቀስ ብሎ ከተማ ውስጥ የሚሄድ ሰውን ስለሚያስብ ነው። ደላላው የሚነግርህ 510ሩን ነው። አንተ ለጎጃም ከ420ውም ላይ ቀንስ፣ አገሩ ዳገት ነው።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ወደ 300 ኪሎሜትር ነው፣ ስለዚህ በ60 ኪሎዋት አወር ባትሪ በአንድ ቻርጅ ይደረሳል፣ ብዙ ግን አይተርፍህም። መሃል ላይ ያለው አባይ በረሃ ነው ነገሩን የሚወስነው። ከጎሃ ጽዮን ወርደህ ሕዳሴ ድልድይን ተሻግረህ ደጀን ስትወጣ፣ ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ከፍታ ወደ 1,400 ሜትር ይጠጋል። መኪናው ከነሰዉ ከነጭነቱ 2 ቶን ቢሆን ያን ያህል ከፍታ ለማንሳት ብቻ ከ7 ተኩል ኪሎዋት አወር በላይ ይፈጃል፣ መንገዱ ራሱ የሚበላው ሲጨመርበት አስራ አንድ አስራ ሁለት ይሆናል፣ ከባትሪው አንድ አምስተኛ ማለት ነው፣ በሃያ ኪሎሜትር ምናምን! ፐርሰንቱ አይንህ እያየ ሲወርድ ትደነግጣለህ፣ ግን መኪናው አልተበላሸም፣ ዳገቱ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ደሞ ተቃራኒው ነው። እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ (ነዳጅ እንበል እንግዲህ፣ ሌላ ስም እስኪወጣለት) ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፣ ከላይ እስከ ድልድዩ ወርደህ አራት አምስት ኪሎዋት አወር ብትመልስ አይገርምም። እዚህ ጋ ግን ሰው የማያውቀው አደጋ አለ። ደጀን አድረህ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልተህ ጠዋት በረሃውን ብትወርድ ባትሪው የሚቀበልበት ቦታ የለውም፣ ሲስተሙ አልሞላም ይላል፣ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ያቆማል ወይም በጣም ይቀንሳል፣ ቀሪው ስራ ሁሉ ፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። የናፍጣ መኪና ቢሆን በከባድ ማርሽ ትይዘው ነበር፣ ይሄ ማርሽ የለውም። ፍሬን ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ብሶ ከሄደ ፔዳሉ ይረዝማል። መድሃኒቱ ቀላል ነው፣ ከደጀንም ከጎሃ ጽዮንም ስትወርድ ባትሪህ ከ85 በመቶ አይብለጥ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የሞተር መያዣውን ጠንካራው ላይ አድርገው፣ ያኔ ታችኛው ጥምዝ ጋ ስትደርስ ቸርኬህ ቀዝቃዛ ነው፣ ባትሪህም ከተነሳህበት በልጧል።

ለኤሌክትሪክ መኪና የሚያዳላ አንድ ነገርም ደጋ ላይ አለ። ደብረ ማርቆስ 2,446 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ተርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር እዛ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋ ያጣል፣ ኤሌክትሪኩ አየር ስለማይፈልግ ምንም አያጣም። ቾቄ አካባቢ ለሚመላለስ ሰው ይሄ ወሬ አይደለም፣ ያየዋል።

ቻርጅን በተመለከተ ቤት ውስጥ ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካው 2 ኪሎዋት ምናምን ነው የሚሰጠው፣ 60ውን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው 7 ኪሎዋቱ ግን 9 ሰዓት ያህል ፈጅቶ ይጨርሳል፣ ሌሊት መብራት ካልሄደ ማለት ነው። ብዙ ሰው ገዝቶ ካመጣ በኋላ ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ አልሰራም ይለዋል፣ መኪናው ተበላሸ ብሎ ይጮሃል፣ ችግሩ ቤቱ ኧርዝ (ያመለጠ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ) የለውም። ባህር ዳር ላይ አዳዲስ ቤቶች ሳይቀሩ ሶኬታቸው ላይ የኧርዝ ሽቦ ቦታ እያለው ከመሬት ጋር ያልተያያዘ አለ። አንዳንዱ ባለሙያ ነኝ ባይ ኧርዙን ከኒውትራል ጋር ቀጥሎ ቻርጀሩን ያታልልልሃል፣ ይሰራል፣ ኒውትራሉ አንድ ቀን የተበጠሰ እለት ግን የመኪናው አካል ራሱ ኮረንቲ ይይዛል። ዘንግ አስቀብረህ በትክክል አሰራው፣ ከመኪናው ዋጋ አንጻር ምንም ማለት አይደለም።

ሊዝ ላይ የቴክኖሎጂው እድሜም ይቆጠራል። ዘመናዊ መኪና ማለት ጎማ ያለው ኮምፒውተር ሆኗል፣ ካሜራው ፓራብሬዛው ላይ፣ ራዳሩ ፓራውልቱ ውስጥ፣ ራሱ ፍሬን የሚይዝ፣ መስመር የሚጠብቅ፣ የፊተኛውን መኪና እያየ ፍጥነት የሚቀንስ። ጥሩ ነገር ነው ግን የተሰራው ሰውን፣ ሳይክልንና መኪናን እንዲያይ ነው፣ ከማሳ ድንገት ዘላ የምትወጣ ጥጃን ወይ ጤፍ ጭኖ መንገዱን ጠምዝዞ የሚያቋርጥ አህያን ያያል ብለህ እግርህን አታንሳ። መስመር የሚጠብቀው ደሞ ቀለም የጠፋበት አስፋልት ላይ ዝም ይላል፣ እንጅባራ ላይ ክረምት ጉም ሲወርድ ካሜራውም እንዳንተው ነው፣ አያይም። ከሁሉ የሚያስከፋው ወጪው ነው፣ ጠጠር ፓራብሬዛህን ሰነጠቀው እንበል፣ ድሮ መስታወት ቀይረህ ትሄድ ነበር፣ አሁን ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት፣ ለዛ የሚሆን መሳሪያ ያለው ጋራዥ ጎጃም ውስጥ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሊዝ ስትይዝ ሙሉ ኢንሹራንሱ መስታወትንና ካሜራውን ይጨምራል ወይ ብለህ በጽሁፍ ጠይቅ።

ስልክ ላይ ባለ አፕ የሚከፈቱ መኪኖችም አሉ። አማራ ክልል ላይ ዳታ ለወራት ጠፍቶ ያየ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ካርዱን ወይ ቁልፉን ኪስህ ያዝ።

ትንንሽ እቃዎችን በተመለከተ አብዛኛው ገበያ ላይ ያለው ጌጥ ነው፣ የሚያበራ ሽታ ማስወገጃ፣ የስልክ ማግኔት፣ ምናምን። አራቱ ግን ብራቸውን ይመልሳሉ። አንደኛ በ12 ቮልት የሚሰራ የጎማ መንፊያ፣ ብዙ ኤሌክትሪክ መኪና ስኮርታ ጎማ የለውም፣ በምትኩ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ነው የሚሰጥህ፣ ፈሳሹን ከተጠቀምክ ጎሚስታው ይራገማል፣ በቀጭን ቀዳዳ ግን እየነፋህ እየነዳህ ከደምበጫ ፍኖተ ሰላም ትደርሳለህ። ሁለተኛ ጃምፕ ስታርተር፣ የሞተ ባትሪ የሚያስነሳው ትንሽ መሳሪያ፣ ሰው ኤሌክትሪክ መኪና ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ የለውም ይመስለዋል፣ አለው፣ እና እሷ ስትሞት ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳን በሩ በሪሞት አይከፈትም ስክሪኑ አይበራም። ያኔ ወዳጅ ዘመድ ጠርተህ በገመድ እንዳታስጎትተው፣ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየተሽከረከሩ ከተጎተተ ሞተሩ ኮረንቲ እያመነጨ ኤሌክትሮኒክሱን ሊያቃጥል ይችላል፣ በጀርባው የሚጭን መኪና ነው የሚፈለገው። ሶስተኛው ዳሽ ካም፣ መንገዱን የሚቀርጸው ካሜራ፣ በተለይ ሹፌር ለሚቀጥር ሰው፣ ስትገዛ ግን ውስጡ ባትሪ ሳይሆን ካፓሲተር ያለውን ምረጥ፣ አባይ በረሃ ፀሃይ ላይ ቆሞ ባትሪ ያለው ያብጣል።

አራተኛዋ ከሁሉም የምወዳት ነች፣ ኦቢዲ ስካነር። ከመሪው ስር ያለው ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ በብሉቱዝ ከስልክህ ጋር ትያያዛለች፣ የመኪናው ኮምፒውተር ያለበትን ህመም በኮድ ትነግርሃለች። አሜሪካ ከ1996 እኤአ ጀምሮ ይሄን ሶኬት ሁሉም የቤት መኪና ላይ አስገድዳለች፣ አውሮፓም በቤንዚን ከ2001 በናፍጣ ከ2004 ተከትላለች፣ ስለዚህ አገራችን ላይ የሚሽከረከሩት ብዙዎቹ አላቸው። ጋራዥ ገብተህ "ሞተር መብራት በራብኝ" ስትል ኤሌትሪሲስታው አንድ በአንድ እየቀየረ ባንተ ብር ከሚማር፣ ፒ0301 የሚል ኮድ አይተህ ቁጥር አንድ ሲሊንደር በትክክል እየነደደ አይደለም፣ መጀመሪያ ካንዴላውንና ኮይሉን እዩልኝ ብለህ ትገባለህ፣ ዋጋው ራሱ ይቀንሳል። ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደሞ ሌላ ጥቅም አላት፣ ትክክለኛውን አፕ ካገኘህላት የባትሪውን ጤንነት በፐርሰንት፣ ባትሪው የተሰራባቸውን ትንንሽ ሴሎች ቮልትም ለየብቻ ታሳይሃለች። የሴሎቹ ቮልት እርስ በርስ ከተራራቀ፣ በተለይ ባትሪው ወደ ባዶ ሲጠጋ፣ ያ መኪና ምንም ቢያብረቀርቅ ተወው።

የባትሪ ነገር ከተነሳ፣ አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ 8 አመት ዋስትና ይሰጣሉ፣ ግን ዋስትናው መኪናው ለተሸጠበት አገር ነው፣ በነጋዴ ከቻይና በቀጥታ የመጣ መኪና ላይ ያን ወረቀት ይዘህ የምትሄድበት ቢሮ ላይኖር ይችላል። ገዢ ከሆንክ ይሄ ያንተ ስጋት ነው። በሊዝ ከያዝክ የአከራዩ መሆን አለበት፣ "መሆን አለበት" ነው ያልኩት፣ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ይዞርብሃል።

እና ውሉን ስታነብ፣ ሊብሬው በማን ስም ነው የሚለውን ሁሉም ያያል፣ ሌሎቹን ነው የሚያልፋቸው። የኪሎሜትር ገደብ አለው ወይ? አሜሪካኖቹ በአመት ከ16,000 እስከ 24,000 ኪሎሜትር ነው የሚሰጡት፣ ያለፈውን በኪሎሜትር ያስከፍላሉ፣ ባህር ዳርና አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ ነውና በወር ሁለቴ ብትመላለስ ብቻ የ24,000ውን ገደብ ጨርሰሃል። ክፍያው በብር የተቆረጠ ነው ወይስ ከዶላር ጋር አብሮ ይወጣል? ከዶላር ጋር ከሆነ ስጋቱን ለአከራዩ አስረከብኩ ብለህ ግማሹን መልሰህ ተሸክመሃል። ቀድመህ ብትመልሰው ቅጣቱ ስንት ነው? ቦሎ የሚያስደርገው ማነው? ስትመልሰው ጭረት ምን ያህል ሲሆን ነው ጉዳት የሚባለው? ይሄኛው በቃል ሲነገር ሁሌም ቀላል ነው፣ ስትመልስ ነው የሚከብደው።

ስለዚህ መኪናውን በተረከብክበት ቀን ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጽ፣ ስካነሯን ሰክተህ የባትሪውን ጤንነትና ኪሎሜትሩን አንድ ላይ ስክሪን ሾት አንሳ፣ አትመህ አከራዩ ከጎኑ እንዲፈርምበት አድርግ፣ አንዱን ኮፒ አንተ ያዝ።